ከጦር ግዴታ ወደ ስም ጌጥ፦ የብሪታንያ መኳንንት ማዕረጎች

ማዕረግ የስም ጌጥ ከመሆኑ በፊት የሥራ ስም ነበር። በብሪታንያ የመኳንንት ሥርዓት ከላይ ወደ ታች የሚሰለፉት አምስቱ ማዕረጎች፣ ማለትም ዱክ፣ ማርኩዊስ፣ ኧርል፣ ቫይካውንትና ባሮን፣ እያንዳንዳቸው ያለፈ ዘመን የግዛትና የጦርነት ታሪክ ተሸክመው ይገኛሉ።

ከአምስቱ በዕድሜ ቀዳሚው ኧርል ነው። ከ1066 እ.ኤ.አ. የኖርማኖች ወረራ አስቀድሞ፣ ሰፊ ግዛት በንጉሥ ስም የሚያስተዳድር ሹም የሚጠራበት ነበር። ድል አድራጊዎቹ «ካውንት» የተባለ የራሳቸው ማዕረግ ቢኖራቸውም ነባሩን ስም አልሻሩትም፤ የኧርል ሚስት ግን እስከ ዛሬ «ካውንቴስ» ትባላለች። ባሮን ደግሞ ከንጉሡ እጅ መሬት ተቀብሎ፣ በለውጡ ወታደር የሚያሰልፍ ባለ ጉልት ነበር።

የላይኞቹ ማዕረጎች ዘግይተው የመጡ ናቸው። ዱክ «መሪ» ከሚለው የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን፣ በእንግሊዝ የመጀመሪያው በ1337 ኤድዋርድ ሣልሳዊ ለበኩር ልጃቸው የሰጡት የኮርንዎል ዱክነት ነው። ማርኩዊስ የጠረፍ ገዢ ማለት ነው። ይሁን እንጂ በ1385 ሪቻርድ ዳግማዊ ማዕረጉን ለወዳጃቸው ለሮበርት ደ ቪር ሲሰጡ፣ ሰውየውን ከነባሮቹ ኧርሎች በላይ ለማስቀመጥ እንጂ ጠረፍ ለማስጠበቅ አልነበረም። የካውንት ምክትል የሚል ትርጉም ያለው ቫይካውንትም በ1440 ከሰልፉ ገባ።

እንዲህ እያለ ግዴታው ሲቀር ክብሩ ብቻ ቀረ፤ በአብዛኛውም ከአባት ወደ በኩር ወንድ ልጅ የሚተላለፍ ሀብት ሆነ። ገበያም አላጣም። በ1611 ጄምስ ቀዳማዊ ከባሮን በታች «ባሮኔት» የተባለ ማዕረግ ፈጥረው በ1,095 ፓውንድ ሸጡት፤ ገዢው ግን ከመኳንንቱ ምክር ቤት መቀመጫ አላገኘም።

የማዕረጉ ቁም ነገር ያለው ከዚሁ መቀመጫ ላይ ነው። ሰው በመወለዱ ብቻ ሕግ አውጪ ይሆን ነበርና። በ1909 የሎርዶች ምክር ቤት በባለሀብቶችና በባለመሬቶች ላይ ግብር የሚጥለውን በጀት ውድቅ ባደረገ ጊዜ፣ የተመረጠውና የተወለደው ፊት ለፊት ተጋጠሙ። የ1911ዱ ሕግ ሎርዶቹ የገንዘብ ሕግን እንዳያግዱ፣ አብዛኛውንም ሌላ ሕግ ከማዘግየት በቀር እንዳይሽሩ አደረገ። በ1958 ለዕድሜ ልክ ብቻ የሚሰጥ ባሮንነት ተደነገገ፤ ሴቶችም በዚሁ ወደ ምክር ቤቱ ገቡ። በ1963 ማዕረግን በፈቃድ መተው ተፈቀደ። በ1999 ደግሞ ከ92ቱ በቀር የዘር ባለማዕረጎች በሙሉ መቀመጫቸውን አጡ።

ስሞቹ ዛሬም ይጠራሉ፤ ቅደም ተከተላቸውም አልተናጋም። ከስሙ ጋር ተያይዞ የኖረው ሥልጣን ግን በአንድ ቀን አዋጅ ሳይሆን፣ በየዘመኑ በተደረገ ትግል ተራ በተራ ተነጥቋል።