ቡቺ ያልነው ውሻ

እስቲ ጠጋ በሉና ልንገራችሁ። ዝቋላን ስንቱ ወጥቶታል! በዓመት ሁለቴ፣ ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5፣ ለአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ንግሥ፣ አሮጊት በምርኩዝ፣ እናት ልጇን አዝላ ትወጣዋለች። ስለዚህ እኔ ወጣሁት ብዬ የምኩራራበት ነገር የለኝም። የማወራችሁ ስለ ውሻው ነው። ከውሻው በፊት ግን ባልንጀራዬን እወቁልኝ።

ባልንጀራዬ ውሻ ይፈራል። ልጅ ሳለ የሰፈር ውሻ ለክፎታል። ያን ጊዜ የተለከፈ ልጅ ፓስተር ይወሰዳል፤ መርፌው ሆድ ላይ ነው፤ በቀን አንድ፣ 14 ቀን። የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ይችን ቁጥር ያውቃታል፤ እናቶቻችን ውሻ እንዳንተነኩስ «14 መርፌ!» እያሉ ነበር የሚያስፈራሩን። እኛ በወሬ የምናውቃትን እሱ በሆዱ ያውቃታል። ዛሬም፣ ጎልምሶ፣ ጢም አውጥቶ፣ ጥላ ሥር የተኛ ውሻ ካየ መንገድ ይሻገራል።

ጊዜው ጥቅምት 2006 ዓ.ም. ነው። የአቦ ንግሥ አልፏል፣ ሕዝቡ ተበትኗል፤ ቅዳሜ በሌሊት ተነስተን ደብረ ዘይት ላይ ሻይ በዳቦ ቀማመስንና በተገኘው መኪና ወደ ወንበር ማርያም ሄድን። ግራ ቀኙ የአድአ ጤፍ ነው፤ ገና አልተሰበሰበም፤ ነፋሱ ሲነካው ሜዳው ሁሉ እንደ ውሃ ይናወጣል። ከዚያ ሜዳ መካከል ዝቋላ ብቻውን ቆሟል። ዘመድ የሌለው ተራራ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2989 ሜትር፤ ጥንት እሳት የተፋ፣ ዛሬ አናቱ ላይ ሐይቅ የያዘ። ሽቅብ ሳየው ቁርሴን ማሳነሴ ቆጨኝ።

መንደሩ አልቆ ዳገቱ ሲጀምር፣ ከቁልቋል አጥር ሥር አንድ ቡናማ ውሻ ወጣ። አንድ ጆሮው የተቀደደ ነው።

«ድንጋይ አንሳ!» አለኝ ባልንጀራዬ ከኋላዬ። መቼ ከኋላዬ እንደገባ አላየሁም።

ጎንበስ አልኩ። መቼም የአገራችን ውሻ ድንጋዩን አይጠብቅም፤ ጎንበስ ያለ ሰው ካየ እግሬ አውጪኝ ነው የሚለው። ይኼኛው ግን ጭራውን ቆላ፤ ቀረብ ብሎ ከመሬት ምን ልናነሳ እንደሆነ ለማየት አንገቱን አሰገገ። ምን ላድርገው? ቀና አልኩ። «ቡቺ» አልኩት። እንግዲህ ስሙን የማላውቀውን ውሻ ሌላ ምን ልበለው?

ቡቺ ፊት ፊት መራ። ባልንጀራዬ ስሌት ያዘ፦ ውሻው በግራ ሲሆን እሱ በቀኝ፣ ውሻው ፊት ሲሆን እሱ ኋላ፣ እኔ ሁልጊዜ መሃል። ውሻው ጨዋታ መሰለው። ዞሮ ይመጣል፣ ባልንጀራዬ ዞሮ ይሸሻል፣ እኔ እንደ ምሰሶ እቆማለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንዲህ ስንዞር ከተራራው እኩሌታውን በደረስን ነበር።

ጽድ ጥላ ሥር ዐረፍን። ባልንጀራዬ ዳቦውን ቆረሰና በሩቁ ወረወረ። ቸርነት አይምሰላችሁ፤ ጉቦ ነው። ቡቺ በአየር ላይ ቀለበው።

«ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ እንግዲህ ያንተ ሆነ» አልኩት።

«እኔ ላይ አይጩህ እንጂ የትም ይጩህ።»

ከዚያ በላይ ዳገቱ ጨዋታ አልነበረም። ወሬያችን አጠረ፣ ትንፋሻችን ረዘመ። ጉሬዛዎች ነጭ ጭራቸውን እንደ ነጠላ አንጠልጥለው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ዘለሉ፤ ቡቺ ግንዱ ሥር ቆሞ እስኪበቃው ጮኸ፤ እነሱም ልብ አላሉትም። ጽዱ እየሳሳ አስታው ሲበዛ፣ ከጫፉ ደረስን። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ቆቃ ሐይቅ ያንጸባርቃል፤ ከወደ ውስጥ ደግሞ፣ እንደ ድስት በጎደጎደው አናት፣ የዝቋላ ሐይቅ ድምፁን አጥፍቶ ተኝቷል። ጻድቁ በዚህ ውሃ ውስጥ ቁልቁል ተዘቅዝቀው መቶ ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ጸለዩ ይባላል። እኔ ዳገት ወጥቼ ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ፣ መቶ ዓመቱን ለማሰብ እንኳ አቅም አጣሁ።

ወደ ገዳሙ ወረድን። ነገሩ የመጣው ደጁ ላይ ነው። «ቤተ ክርስቲያን እንደገባች ውሻ» የሚለውን ተረት ታውቁታላችሁ። ቡቺ ግን ተረት አያውቅም፤ ቀድሞን ሊገባ ሲል አንድ አረጋዊ መነኩሴ በመቋሚያቸው ከለከሉት። አልመቱትም፤ ከለከሉት ብቻ።

«ልጆቼ፣ እናንተ ግቡ። እሱ ይቆይ።»

እኔ ደግሞ ምላሴ አያርፍም። «አባ፣ ጻድቁ 60 አንበሳና 60 ነብር ይከተላቸው የለም እንዴ? አንድ ውሻ ምን አላት?»

ሳቅ አሉ። «አንበሶቹ ከእሳቸው ጋር ነበሩ። ይኼ የመጣው ከእናንተ ጋር ነው።»

ምን እመልሳለሁ? ጫማዬን ማውለቅ ጀመርኩ። ይሄኔ ባልንጀራዬ፣ እመኑኝ፣ ያ የ14 መርፌው ሰው፣ «አንተ ግባ፤ እኔ እይዘዋለሁ» አለ። ቀበቶውን ፈታ። እጁ ይንቀጠቀጣል። በውሻው አንገት ዙሪያ አሰረው። ቡቺም እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ቆመለት።

ተሳልሜ፣ ጸበል ጠጥቼ፣ ከሥዕሉ ፊት ጥቂት ቆሜ ስመለስ ሰዓት ሄዷል። ባልንጀራዬ ግንድ ተደግፎ እንቅልፍ ወስዶታል፤ አንድ እጁ ሱሪውን ይዟል፣ ሌላው ቀበቶውን። የውሻው አገጭ ጫማው ላይ ነው።

«በል ተራህ ነው፤ ግባ» አልኩት።

ውሻውን አየው። «ብነሣ ይረበሻል» አለ። እንዲህ ሆኖ ነው ባልንጀራዬ ዝቋላ ወጥቶ አቦን ሳይሳለም የተመለሰው። እናቱ ይህን እስከ ዛሬ አታውቅም፤ እንዳትነግሩብኝ።

ቁልቁለቱን አላስረዝምባችሁም። ውሃችን አለቀ፣ የእግር ጣታችን ከጫማ ጫፍ ጋር ሲጋጭ ዋለ፣ ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ልዩነቱ አንድ ነው፦ አሁን መሃል ያለው ቡቺ ነበር።

የቁልቋሉ አጥር ጋ ስንደርስ ቀበቶው ተፈታ። ቡቺም ወደ ኋላ ሳያይ፣ ቻው እንኳ ሳይል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልኮ ገባ። ከግቢው አንዲት ሴት ብቅ አሉ።

«ዲማ! ደግሞ ወጣህ?» አሉት። ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በሳቅ፣ «አስቸገራችሁ አይደል? የመጣውን እንግዳ ሁሉ ይዞ መውጣት ነው ሥራው። ትናንት ከፈረንጆች ጋር ውሎ በማታ ነው የገባው» አሉን።

ዲማ በኦሮምኛ ቀይ ማለት ነው። ስሙም ቡቺ አልነበረም፣ እኛም የመጀመሪያዎቹ አልነበርንም።

ባልንጀራዬ መኪና ውስጥ ቃል አልተነፈሰም። ደክሞት ነው ብዬ ተውኩት። የደብረ ዘይት መብራት መታየት ሲጀምር ግን ጎሸም አደረገኝ።

«ስማ፣ ፈረንጆቹ ዳቦ ሰጥተውት ይሆን?»