ጭማቂውን ያወቁት፣ ሕዋሱን ያዩት

የሕክምና ተማሪ የኩላሊትን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው ግሎሜሩለሱ ላይ ነው። ክብ ነው፣ ትልቅ ነው፣ የትም ቢዞር አያጣውም። እኔ ሂስቶሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼን ከዚያ ክብ ዳር፣ ትንሿ ደም ቅዳ ወደ ግሎሜሩለሱ በምትገባበት ቦታ ላይ ትንሽ እንዲቆዩ አደርጋለሁ። እዚያ ጋ በአንድ በኩል የቱቦው ሕዋሳት ተጠጋግተው፣ ኒውክሊየሶቻቸው ተደራርበው ጠቆር ያለ ነገር ይታያል። ማኩላ ዴንሳ የሚባለው እሱ ነው፤ ለማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ከእሱ ጋር ተጠግቶ በደም ቅዳዋ ግድግዳ ውስጥ ያለው ነው። እዚያ የሚጠበቀው ቀጭን የጡንቻ ሕዋስ ነበር። ያሉት ግን ወፈር ያሉ፣ ውስጣቸው በጥቃቅን ቅንጣቶች የተሞላ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው። በየዕለቱ በምንጠቀምበት የሄማቶክሲሊንና የኢኦሲን ማቅለሚያ ቅንጣቶቹ ጎልተው አይወጡም። የራሳቸው ማቅለሚያ፣ የሰለጠነ ዓይንና ጊዜ ይፈልጋሉ።

በአንድ የሰው ኩላሊት ውስጥ በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ግሎሜሩለስ አለ። በእያንዳንዱ መግቢያ ላይ ያሉት እነዚህ ሕዋሳት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የደም ግፊታችንን ከሚያስተዳድሩት ነገሮች አንዱ የሆነውን ሬኒንን አምርተው የሚያከማቹት፣ ሲያስፈልግም ወደ ደም የሚለቁት እነሱ ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍት የሬኒንን ታሪክ ሲያነሡ ሁለት ስሞችን ይጠራሉ፤ ቲገርስቴትንና ጎልድብላትን። ለሁለቱም ይገባቸዋል። እኔን የሚቆጨኝ በማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰው ሕዋሱን ራሱን ያዩት ሰዎች መረሳታቸው ነው። ሬኒንን በኩላሊት ጭማቂ ያወቁትና ሕዋሱን ያዩት ሰዎች ሥራ አርባ ዓመት ያህል ሳይገናኝ ቆይቷል። ለደም ግፊት ሕሙማን ያ አርባ ዓመት ቀላል ጊዜ አልነበረም።

ኩላሊትና ግፊት እንደሚያያዙ መጠርጠር የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በለንደን ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ብራይት በ1836 ባሳተመው ጥናት፣ ኩላሊታቸው ታሞ የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር ብዙ ጊዜ ልባቸውም ገዝፎ እንደሚገኝ ጽፏል። በዚያ ዘመን በሕመምተኛ ክንድ ላይ ግፊት የሚለካበት መሣሪያ ስላልነበረ ጉዳዩ በጥርጣሬ ቀረ።

የመጀመሪያው እውነተኛ እርምጃ የተወሰደው በስቶክሆልም፣ በካሮሊንስካ ተቋም ነው። ሮበርት ቲገርስቴት በ1853 ፊንላንድ ውስጥ የተወለደ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበር። በኅዳር 1896፣ የአድዋ ጦርነት ካለፈ ስምንት ወር ገደማ በኋላ መሆኑ ነው፣ ከተማሪው ከፔር ጉስታፍ በርግማን ጋር ሆኖ የጥንቸል ኩላሊት እየፈጨ ጭማቂውን በሌላ ጥንቸል ደም መልስ ውስጥ መስጠት ጀመረ። ግፊቱ ወጣ። ሁለቱ ሰዎች በዚህ ብቻ አልረኩም። የኩላሊቱን ውጫዊ ክፍልና ውስጠኛውን ክፍል ለየብቻ ፈጭተው ሞከሩ፤ ግፊት የሚያወጣው የውጫዊው ክፍል ጭማቂ ሆነ። ጭማቂውን አፈሉት፤ ኃይሉ ጠፋ። ሥራው በነርቭ በኩል እንደሆነ ለማጣራት የነርቭን መንገድ ቆረጡ፤ ግፊቱ እንደዚያም ሆኖ ወጣ። ከኩላሊት የሚመለሰውን ደም ራሱን ወስደው ኩላሊቱ ለወጣ ጥንቸል ሰጡ፤ እሱም ግፊት አወጣ። ንጥረ ነገሩን ሬኒን አሉት፤ በ1897 ሞስኮ ላይ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ አቀረቡት፤ በ1898 አሳተሙት። ያን ጽሑፍ የሚያነብ ሰው የሚደነቀው በጥያቄዎቹ አሰዳደር ነው። እያንዳንዱ ሙከራ ከፊቱ የነበረው የተወውን ቀዳዳ ይደፍናል። የጭማቂው ምንጭ የውጫዊው ክፍል ነው ማለታቸው ደግሞ ምን ያህል ልክ እንደነበረ ዛሬ እናውቃለን፤ ግሎሜሩለሶቹ ያሉት እዚያው ነው።

ከዚያ በኋላ ዝምታ ሆነ። ቲገርስቴት በ1900 ወደ ሄልሲንኪ ተመለሰ፤ በሌሎች ሥራዎቹና በመማሪያ መጻሕፍቱ ታወቀ እንጂ ወደ ሬኒን አልተመለሰም። ሙከራውን ሊደግሙ የሞከሩት አንዳንዶች ተሳካላቸው፣ ሌሎቹ አልተሳካላቸውም። ያልተጣራ የኩላሊት ጭማቂ ግፊት የሚያወርዱ ነገሮችም ስላሉበት አንዱ ቤት የወጣው ሌላው ቤት ይወርድ ነበር። በዚያ ላይ ብዙ ሐኪሞች ከፍ ያለ ግፊት የጠበበውን ደም ቅዳ ለማለፍ የሚያስፈልግ ኃይል ነው ብለው ያምኑ ነበር። ይጠቅማል ብለው ያመኑበትን ነገር ምንጩ የት እንደሆነ ለማደን የተነሣ ጥቂት ሰው ብቻ መሆኑ አያስገርምም።

በዚህ ዝምታ መካከል ነው የእኔ ሰዎች የሚመጡት። በ1925 ራውተር የተባለ ሆላንዳዊ የአይጥ ኩላሊት ሲመረምር፣ ወደ ግሎሜሩለስ የምትገባው ደም ቅዳ ጫፏ ላይ ስትደርስ የጡንቻ ሕዋሶቿ መልካቸውን ለውጠው፣ አብጠውና ቅንጣት ሞልቷቸው አገኘ። አስገራሚ ክፍል ነው ብሎ ጻፈ። ሥራቸው የደሙን ፍሰት መቆጣጠር ሳይሆን አይቀርም ብሎም ገመተ። በ1927 ሻርል ኦበርሊንግ ተመሳሳይ ነገር በሰው ኩላሊት ውስጥ እንዳለ አሳየ። ሬኒን ከእነሱ ይወጣል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም። ሁለቱ የሚያውቁት ቅርጹን ነው፤ ጭማቂውን የሚያውቁት ደግሞ በሌላ መጽሔት ይጽፉ ነበር።

ሁለቱን ያገናኘው ቤልጅየማዊው ኖርበርት ጎርማኽቲኽ ነው። በጌንት ከተማ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር የነበረው ይህ ሰው ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ያችን ጠባብ ስፍራ ሳይለቅ መረመረ። በዚያው ዘመን አሜሪካ፣ ክሊቭላንድ ውስጥ ሃሪ ጎልድብላት ሌላ ሥራ ላይ ነበር። ፓቶሎጂስት እንደመሆኑ ግፊት ይዟቸው የሞቱ ሰዎች የኩላሊት ትንንሽ ደም ቅዳዎች ጠብበው ማየት ለምዶ ነበር። መጥበቡ ውጤት ነው ወይስ መነሻ? ለዚህ መልስ የሚሆን ትንሽ የብር መቆንጠጫ አሠራ። በውሻ የኩላሊት ደም ቅዳ ላይ አስሮ ሲያጠብበው የውሻው ግፊት ወጣ፤ ሁለቱም ኩላሊቶች ሲቆነጠጡ ደግሞ ከፍ እንዳለ ዘለቀ። ይህ በ1934 ታተመ፤ የሬኒንም ጉዳይ እንደገና ተነሣ። በ1938 ፒከሪንግና ፕሪንዝሜታል ለንደን ላይ የቲገርስቴትን ሙከራ ደግመው እውነትነቱን አረጋገጡ።

ጎርማኽቲኽ የተቆነጠጠውን ኩላሊት በማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠው። ደም ያነሰው ኩላሊት ውስጥ እነዚያ ሕዋሳት በዝተዋል፣ ቅንጣታቸውም ጨምሯል። በ1939 በኩላሊት ትንንሽ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ውስጥ የሆርሞን እጢ እንዳለ ጽፎ አወጣ፤ ግፊት አውጪውንም ነገር ከዚያ ጋር አያያዘው። ጌንት በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት ዘመንም ሐሳቡን አልተወም፤ በ1945 ማስረጃዎቹን አሰባስቦ በእንግሊዝኛ አሳተመ። ብዙዎች አልተቀበሉትም። የደም ቅዳ ጡንቻ ሆርሞን ያመነጫል ማለት ለዘመኑ ሰው የሚከብድ ነገር ነበር። ዛሬ የእሱ ስም የቀረው ከእነዚህ ሕዋሳት አጠገብ ላሉ ቅንጣት አልባ ሕዋሳት ነው። ተማሪዎቼ «የጎርማኽቲኽ ሕዋሳት» ብለው ለፈተና ይሸመድዱታል፤ ሰውየው የታገለላቸው ግን ጎረቤቶቻቸው ነበሩ።

የኬሚስትሪው ወገን በሌላ በኩል ፈጠነ። በቦነስ አይረስ የብራውን ሜኔንዴስ ቡድን፣ በኢንዲያናፖሊስ ደግሞ አርቪን ፔጅ፣ ሬኒን ራሱ ግፊት እንደማያወጣ፣ ኢንዛይም ሆኖ ከደም ፕሮቲን ላይ ሌላ ነገር እንደሚቆርጥ በ1939 እና በ1940 በየፊናቸው ደረሱበት። የተቆረጠው ነገር በመጨረሻ አንጂዮቴንሲን ተባለ። በ1950ዎቹ ሊዮናርድ ስኬግስና ባልደረቦቹ አንጂዮቴንሲን ሁለት ዓይነት እንደሆነና አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጥ ሌላ ኢንዛይም እንዳለ አሳዩ። ሁለተኛው ነው ደም ቅዳን የሚያጠብበው፤ አልዶስቴሮን በተባለው ሆርሞን በኩልም ኩላሊት ጨው እንዲይዝ የሚያደርገው።

ሕዋሱ ግን ገና ዳኝነት ይጠብቅ ነበር። ዳኝነቱን የሰጠውን ሙከራ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ደስ ይለኛል። ኩክና ፒከሪንግ ማግኔት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ ዱቄት በፈሳሽ በጥብጠው በጥንቸል የኩላሊት ደም ቅዳ ሰደዱት። ዱቄቱ ሄዶ ግሎሜሩለሶቹ ውስጥ ተቀረቀረ። ከዚያ ኩላሊቱን አድቅቀው በማግኔት ሳቡት፤ ግሎሜሩለሶቹ ተለይተው ወጡ፣ ቱቦዎቹ ቀሩ። ሬኒኑ የተገኘው ከግሎሜሩለሶቹ ጋር ነበር። ይህ በ1959 ታተመ። ኩክ ቀጥሎ አንዷን ግሎሜሩለስ በማይክሮስኮፕ ሥር ለሁለት እየከፈለ ለካ፤ ሬኒኑ ያለው ደም ቅዳዋ በምትገባበት በኩል ሆነ። ራውተር ያየው ቦታ ማለት ነው። በዚያው ዘመን ባልና ሚስቱ ስታንሊና ፊሊስ ሃርትሮፍት፣ ጨው የተከለከለ እንስሳ ቅንጣቶቹ እንደሚበዙ፣ ጨው የበዛበት ደግሞ እንደሚያንሱ ቆጥረው አሳይተዋል። ሕዋሳቱ ግፊት ሲወርድ፣ በቱቦው የሚያልፈው ጨው ሲያንስና ነርቭ ሲያዛቸው ሬኒን ይለቃሉ፤ ሦስቱም ዛሬ የታወቁ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው መድኃኒት በየጤና ጣቢያችን አለ። ብራዚላዊው ሰርዢዮ ፌሬራ በአገሩ እባብ መርዝ ላይ የሠራው ጥናት፣ አንጂዮቴንሲንን የሚለውጠውን ኢንዛይም ለመግታት መንገድ ከፈተ፤ ካፕቶፕሪል በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ፣ ኢናላፕሪል ተከተለ። ብዙ ወላጆቻችን ጠዋት ጠዋት የሚውጡት እሱን ነው።

አሁን ያለው ምርምር ወደ ሕዋሱ ተመልሷል፤ ለዚህም ደስ ይለኛል። በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የአርየል ጎሜዝና የማሪያ ሉዊሳ ሴኬራ ሎፔስ ቡድን እንዳሳየው፣ በፅንስ ኩላሊት ሬኒን አምራቾቹ በደም ቅዳዎቹ ርዝመት ሁሉ ተዘርግተው ይገኛሉ፤ ሲያድጉ ብዙዎቹ ጡንቻና ሌላ ሕዋስ ይሆናሉ፣ ጫፉ ላይ ያሉት ብቻ ይቀራሉ። አዋቂው እንስሳ ግፊቱ አጥብቆ ሲወርድበት ግን ጡንቻ ሆነው የነበሩት ወደ ቀድሞ ሥራቸው ይመለሳሉ። ይህ በ2004 ታተመ። በ2021 ደግሞ ሕዋሱ የግፊቱን ለውጥ በኒውክሊየሱ ሽፋን ባሉ ፕሮቲኖች በኩል እንደሚሰማው ጻፉ። ሌላም ያሳሰባቸው ነገር አለ፤ ሬኒን ሥራውን እንዳይሠራ ለረጅም ጊዜ በተከለከሉ እንስሳት ላይ ሕዋሳቱ እየበዙ የኩላሊትን ደም ቅዳ ግድግዳ ያወፍራሉ። ይህ መድኃኒት ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም፤ ኢናላፕሪልና መሰሎቹ ልብንና ኩላሊትን እንደሚጠብቁ በሰው ላይ በተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ታይቷል።

ጎረቤቴ የሆኑ እናት፣ የግፊት መድኃኒት ከጀመሩ የቆዩ፣ ስለ እነዚህ ሕዋሳት ስነግራቸው «ልጄ፣ ይህን ያህል ጣጣ የሚያመጡ ከሆነ ለምን ነቅለው አይጥሏቸውም?» ብለው ጠየቁኝ። «እትዬ፣ እነሱ ባይኖሩ እርስዎም እኔም ተወልደን ብዙ አንቆይም ነበር» አልኳቸው፤ አላጋነንኩም። ሬኒን እንዳያመርቱ የተደረጉ አይጦች ኩላሊታቸው በወጉ አይሠራም። ሬኒንን ወይም አንጂዮቴንሲንን የሚያሠራው ጂን የተበላሸባቸው ጨቅላዎች የኩላሊታቸው ቱቦ ሳያድግ ይወለዳሉ፤ አብዛኞቹም ብዙ አይቆዩም። ፅንሱ ይህን ሥርዓት ኩላሊቱን ለመሥራት ይጠቀምበታል። ስለዚህ ልጃቸው ስታረግዝ የእሳቸውን ኢናላፕሪል እንዳትዋስ፣ ግፊት ካላትም ለነፍሰ ጡር የሚስማማ ሌላ መድኃኒት እንዳለ ነገርኳቸው።