ከማር ወደ ስኳር፤ በሃና አካባቢ የጣፋጭ ነገር ታሪክ

እንደሚታወቀው፣ በአገራችን ማዕድ ከምግብ በኋላ ለብቻው ጣፋጭ ማቅረብ የቆየ ልማድ አይደለም። ገበታው ሲነሣ የሚከተለው ቡና ነው፤ ማሩም አብዛኛውን ጊዜ ጠጅ ይሆናል። ስለዚህ በደቡብ ኦሞ፣ በሳላማጎ ወረዳ፣ በሃና ከተማ ዙሪያ ስላለው ጣፋጭና አጽናኝ ምግብ ለመጻፍ የተነሣ ሰው አስቀድሞ ከብቱን፣ ቀፎውንና ወንዙን መመልከት ይገባዋል።

የአካባቢው ነባር ነዋሪዎች የሆኑት ቦዲዎች፣ በራሳቸው አጠራር ምኤን፣ ከብት አርቢዎች ናቸው። የደጋው ሰው ገንፎን በተለይ ለአራስ ጥሪ ሲያስበው፣ በዚህ ግን የማሽላ ገንፎ ከወተት ጋር የዘወትር ምግብ ነው። ከብቱን ሳያርዱ የአንገቱን ሥር በፍላጻ ወግተው ደሙን በዕቃ ይቀበላሉ፤ ቁስሉን ዘግተውም ወደ መንጋው ይመልሱታል። ደሙ ሳይረጋ ከወተት ጋር ይጠጣል። ካኤል በተባለው የዘመን መለወጫ በዓል ከየጎሣው የተመረጡ ወንዶች ለወራት በጎጆ ተቀምጠው በዚሁ ይደልባሉ፤ ከሁሉ የወፈረውም ይከበራል። ጎብኚዎች የሚያነሡት ፎቶግራፍ የሰውየውን ሆድ እንጂ ወተታቸውን የሰጡትን ላሞች አያሳይም።

ማርን በተመለከተ ግን ከሁሉ በፊት ሊነሡ የሚገባቸው ኩዌጉዎች ናቸው። ቁጥራቸው እጅግ አነስተኛ የሆነው እነዚህ ሰዎች በኦሞ ዳር ዓሣ እያጠመዱ፣ እያደኑና በዛፍ ላይ ቀፎ እየሰቀሉ ኖረዋል። ከብት ለሌለው ሰው ማር ጣፋጭ ብቻ ሳይሆን ሀብትም ነው።

ስኳር በአገራችን በፋብሪካ መመረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ሲሆን፣ የብዙዎቻችን የልጅነት ትዝታ የሆነው ደስታ ከረሜላም የዚያው ፋብሪካ ውጤት ነበር። ሃና ግን ስኳርን ያወቀችው በጥቅል ብቻ ሆና አልቀረችም። በጥር 2003 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን የአካባቢውን የስኳር ልማት ዕቅድ ይፋ አደረጉ። የኩራዝ እርሻ ከ100,000 ሄክታር በላይ እንዲሸፍን ታስቦ ሥራው በሳላማጎ ተጀመረ። የኩዌጉ ቀፎዎች ይሰቀሉበት የነበረው ጫካም ለሸንኮራ አገዳ ተመነጠረ። አንድ ጣፋጭ ሌላውን ከቦታው ሲያስለቅቅ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል።

በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ለአገሪቱ ከፍተኛ የኤሌክትሪክ ኃይል አስገኝቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሆኖም የኦሞ ዓመታዊ ሙላት ደለሉን በዳርቻው አራግፎ ሲሸሽ፣ በእርጥቡ መሬት ላይ ማሽላ ይዘራ ነበር። ግድቡ ውሃ መያዝ ከጀመረበት ከ2007 ዓ.ም. ወዲህ ሙላቱ እንደ ቀድሞው አልመጣም። በጥናቱ ሰነድ በየዓመቱ ለ10 ቀናት ውሃ ሆን ተብሎ እንደሚለቀቅ ተጽፎ ነበር፤ ገንፎው ይበስልበት የነበረው ማሽላ ይጠብቅ የነበረው ያንኑ ውሃ ነው።