ዕድሜያቸው ያልተጻፈ ልጆች፦ ከሆሳዕና እስከ ጆሃንስበርግ በሚወስደው መንገድ ላይ የብቸኛ ሕፃናት ጥበቃ

ከሀዲያና ከከምባታ ከተሞች፣ ከሆሳዕና፣ ከሾኔ፣ ከዱራሜና ከሺንሺቾ፣ ወጣቶችን ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚያደርሰው መንገድ ዕድሜው ከሩብ ምዕት ዓመት ብዙም አይዘልም። ስለ እርሱ የሚናገሩት ምንጮች ግን በዓይነትም በቁጥርም ጥቂት አይደሉም፤ የቤተሰብና የምእመናን ትዝታ አለ፣ የፖሊስና የፍርድ ቤት መዝገብ አለ፣ የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ጥናቶች አሉ፣ መንገዱ በሚያቋርጣቸው አገሮች የታተመ ዜናም አለ። እነዚህ ምንጮች በምክንያቱ፣ በብዛቱና በተጠያቂው ማንነት ላይ እርስ በርስ ይጋጫሉ። በአንድ ጉድለት ግን ይመሳሰላሉ፤ የተጓዡን ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ አይነግሩንም። ይህ ጉድለት እንደ ተራ ግድፈት ሊታለፍ አይችልም፤ ከዚህ በታች እንደምናየው፣ ያለ ወላጅ ለሚጓዝ ልጅ ሕግ የዘረጋው ጥበቃ በሙሉ የተንጠለጠለው በዕድሜው ላይ ነውና። (ልዩ ምልክት ካልተደረገ በቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ ዓ.ም. የተባሉትና የአዋጅ ቁጥር ዓመታት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።)

ከኢትዮጵያ ተነሥተው ወላጅ ሳይከተላቸው ደቡብ አፍሪካ የደረሱ ልጆች ታሪክ በዘመናችን አልተጀመረም። በ1888 ኦስፕሬይ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ ባሪያ ጭነው ወደ ዓረብ ምድር የሚሻገሩ ጀልባዎችን ያዘች፤ ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። በኤደን አጠገብ በሼክ ኦትማን በነበረው የስኮትላንድ ሚስዮን ከተጠለሉ በኋላ፣ 64ቱ በ1890 በደቡብ አፍሪካ ወደሚገኘው የላቭዴል ተቋም ተዛወሩ። ሚስዮናውያኑ ልጆቹን አንድ በአንድ ጠይቀው ስማቸውን፣ ዕድሜያቸውን፣ የወላጆቻቸውን ስም፣ የተወለዱበትን አገር፣ ማን እንደ ያዛቸውና በማን በማን እጅ እንዳለፉ መዝግበው አስቀሩ። የታሪክ ተመራማሪዋ ሳንድራ ሼል በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ የልጆቹን ጉዞ ከመንደራቸው እስከ ባሕሩ ዳርቻ ለመከተል የቻለችው በዚህ መዝገብ ነው። 17ቱ በ1909 ወደ አገራቸው ተመልሰዋል፤ በዚያው ከቀሩት የአንዷ የልጅ ልጅ የሮበን ደሴት እስረኛ የነበረው ምሁር ኔቪል አሌክሳንደር ነው።

ንጽጽሩን ከሚገባው በላይ መለጠጥ አይገባንም። የላቭዴል ልጆች በጉልበት የተነጠቁና የተሸጡ ነበሩ፤ የዛሬዎቹን የሀዲያና የከምባታ ልጆች ግን ብዙ ጊዜ የሚሸኛቸው የገዛ ቤተሰባቸው ነው፣ ገንዘቡንም የሚያዋጣው እርሱ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ማስተዋል ግድ ይለናል። ከ130 ዓመት በፊት የነበረ ልጅ ከየት እንደ መጣና ማን ለማን አሳልፎ እንደ ሰጠው ማወቅ ስንችል፣ ባለፉት ዓመታት በታንዛንያና በማላዊ እስር ቤቶች ስላለፉት የአካባቢው ልጆች ግን ይህን ያህል ማወቅ አልቻልንም።

ሀዲያና ከምባታ እንሰት የሚተከልባቸው፣ ሕዝብ እጅግ የተጨናነቀባቸው ደጋማ አገሮች ናቸው። የመሬት ጥበት ወንዶችን ለሥራ ከቀዬአቸው ማውጣት የጀመረው ከደቡብ አፍሪካ ጉዞ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1954 ሥራ ከጀመረ ወዲህ የአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች የከምባታ፣ የሀዲያና የወላይታ ወዛደሮችን ሲስቡ ኖረዋል፤ አዲስ አበባም ሊስትሮና ሎተሪ አዟሪ የሚሆኑ ታዳጊዎችን ተቀብላለች። ልጅን ራቅ ካለ ዘመድ ዘንድ ልኮ ቤተሰብን እንዲደግፍ ማድረግ እንግዲህ የቆየ ልማድ ነበር። ዘመድ የሚባለው ሰው ያለበት ርቀት አራት ወይም አምስት አገር መሻገርን የሚጠይቅ የሆነው ግን በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው።

ለምን በዚያ ጊዜ? በዚህ ላይ ምንጮቹ ተከፋፍለዋል። አንዳንዶች ከአካባቢው ተወልደው በፕሪቶሪያ ኢትዮጵያን በአምባሳደርነት ያገለገሉ ሰው በዚያ መኖራቸውን የመንገዱ መጀመሪያ ያደርጉታል። ሌሎች የ2000ውን ምርጫ ያነሣሉ፤ በበየነ ጴጥሮስ ይመራ የነበረው የሀዲያ ብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ከገዥው ፓርቲ ጋር ብርቱ ፉክክር ባደረገበት በዚያ ወቅት የተከተለው ጫና ወጣቶችን እንዳሳደደ ይናገራሉ። ተመራማሪው ደረጀ ፈይሳ በበኩሉ ከእነዚህ ጋር ሃይማኖታዊውን ምክንያት አክሎ ይመረምራል፤ በ2001 ገደማ አንድ የውጭ አገር ሰባኪ በሆሳዕና ወደ ደቡብ በር እንደሚከፈት ተናገረው የሚባለው ትንቢት በወንጌላውያን ምእመናን ዘንድ ጉዞውን እንደ በረከት አስቆጥሮታል። ደቡብ አፍሪካም በ1998 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ በ2000 ሥራ ላይ ሲውል፣ ጥገኝነት ጠያቂ ጉዳዩ እስኪታይ በካምፕ ሳይታጎር በአገሪቱ እየተዘዋወረ እንዲኖር ፈቀደ፤ ነጋዴ ለመሆን ለሚሄድ ሰው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

እነዚህን ምክንያቶች አንዱን አንግሦ ሌላውን መጣል ምንጮቹ አይፈቅዱልንም፤ አንዱ ለሌላው መንገድ ከፍቷል ማለት ለእውነት የቀረበ ይመስለናል። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚያስረዱት ዐዋቂዎች ለምን እንደ ሄዱ ነው። የተጓዡ ዕድሜ ወደ ዘጠነኛና ዐሥረኛ ክፍል ተማሪ ለምን እንደ ወረደ አያስረዱም። ለዚህ መልሱን መፈለግ ያለብን በጆሃንስበርግ፣ ኢትዮጵያውያን ጄፒ በሚሉት ሠፈርና ሎኬሽን በሚሏቸው የጥቁሮች መኖሪያዎች ውስጥ በቆመው ንግድ ላይ ነው። ቀድሞ የሄደው ወንድም ወይም አጎት ለደላላው ይከፍላል፤ ተከትሎ የሚሄደው ታዳጊ ደግሞ ዕዳው እስኪያልቅ በሱቁ ውስጥ ይሠራል ወይም ዕቃ ተሸክሞ ያዞራል። በዚህ ሥርዓት ወጣትነት እንደ ድክመት አይቆጠርም፤ ሚስትና ልጅ የሌለው፣ ለታላቁ የሚታዘዝ ልጅ ይመረጣል።

ከሞያሌ በኋላ መንገዱ ኬንያን፣ ታንዛንያን፣ ማላዊንና ሞዛምቢክን፣ አንዳንዴም ዛምቢያንና ዚምባብዌን ያቋርጣል። የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት በ2009 ባወጣው ጥናት በየዓመቱ ከ17,000 እስከ 20,000 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌያውያን በዚህ መንገድ እንደሚያልፉ ገመተ፤ ግምት መሆኑን ጥናቱ ራሱ አይሸሽግም። ከዚያ ወዲህ መንገዱን ለዓለም ያሳወቀው በአብዛኛው የሬሳ ቁጥር ነው። በሰኔ 2012 በታንዛንያ ዶዶማ አጠገብ በጭነት መኪና ታፍነው ያለቁ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች አስከሬን ተጥሎ ተገኘ፤ በዚያው ወር በማላዊ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሰጠሙ። በሁለቱም አደጋዎች የሟቾቹ ቁጥር ከዘገባ ዘገባ ይለያያል። በመጋቢት 2020 በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት በኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኙ። በጥቅምት 2022 በማላዊ ምዚምባ የጅምላ መቃብር ተገኘ፤ በመጀመሪያ የወጣው አስከሬን 25 ሲሆን ቁፋሮው ሲቀጥል ቁጥሩ ጨመረ። በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በዛምቢያ ሉሳካ ዳር 27 አስከሬኖች ተጥለው ተገኙ። ዘገባዎቹ ሟቾቹ ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩ ወይም እንደሚመስሉ ይናገራሉ፤ አብዛኞቹ ግን ስንቶቹ ከ18 ዓመት በታች እንደ ነበሩ አይለዩም። ሰው ሲቆጠር ሕፃኑ አልተቆጠረም።

እንግዲህ ወደ ሕጉ እንምጣ። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን በ1991 ተቀብላለች፤ በሰው መነገድን የሚከለክለውን የተባበሩት መንግሥታት ፕሮቶኮል በ2012 አጽድቃለች፤ አዋጅ ቁጥር 909/2007ን አውጥታ ቆይታም በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ተክታዋለች (ሁለቱም የአዋጅ ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው)። ፕሮቶኮሉ በዐዋቂ ላይ የሰው ንግድ ተፈጽሟል ለማለት ማታለል፣ ማስገደድ ወይም ሌላ መሰል መንገድ መኖሩን ይጠይቃል። ተበዳዩ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ግን ይህን ማሳየት አያስፈልግም፤ ለብዝበዛ ዓላማ መመልመሉ፣ መጓጓዙ ወይም መጠለሉ ይበቃል። የልጁ ፈቃድ ዋጋ የለውም።

ከሕጉ ቃል ጋር የቤተሰቡ ትረካ ፊት ለፊት የሚጋጨው እዚህ ላይ ነው። ወላጆች የሚተርኩት ልጁ ራሱ ለምኖ እንደ ሄደ፣ በሬ ወይም መሬት ሸጠው እንደ ሸኙት፣ በቤተ ክርስቲያን እንደ ተጸለየለት ነው። በዚህ ትረካ ደላላው ብዙ ጊዜ አገልግሎት ሰጪ ነው፣ አንዳንዴም የጎረቤት ልጅ ነው። ጥፋቱ የሚጀምረው ማላዊ ወይም ታንዛንያ ላይ ልጁ ታግቶ ተጨማሪ ገንዘብ ላኩ የሚል ስልክ ሲመጣ ነው። ፖሊስ ዘንድ የሚደርሰው አቤቱታም በአብዛኛው ከዚህ ስልክ በኋላ የሚቀርብ በመሆኑ፣ ከስልኩ በፊት የሆነው ሁሉ ድንበር ማሻገር ብቻ ተብሎ ያልፋል። ወላጆቹ ይዋሻሉ አንልም፤ ያዩትን ይናገራሉ። ነገር ግን የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅን ዕዳ ጭኖ በሰው ሱቅ እንዲከፍለው ለማድረግ የሚልክ ውል፣ ስልኩ ባይመጣም እንኳ፣ ሕጉ የሰው ንግድ የሚለው ሊሆን እንደሚችል በግልጽ መነገር አለበት። ይህን ለመናገርም ልጁ በእርግጥ ዐሥራ አምስት ዓመቱ እንደ ነበረ መረጋገጥ አለበት።

በመድረሻው አገር ያለው መዝገብም ተመሳሳይ ቅራኔ ያሳያል። የደቡብ አፍሪካ የስደተኞች ሕግ ጥበቃ የሚያሻው ስደተኛ ሕፃን በሕፃናት ፍርድ ቤት ፊት እንዲቀርብ ያዛል። በ2004 የፕሪቶሪያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ብቸኛ የውጭ አገር ሕፃናትን ሊንዴላ በተባለው የውጭ አገር ሰዎች ማቆያ ከዐዋቂዎች ጋር አስሮ ማባረር ሕገ ወጥ መሆኑን ወስኖ፣ ጠበቃ እንዲቆምላቸው አዟል። ጥበቃው በወረቀት ላይ ጠንካራ ነው። ዳሩ ግን ዕድሜውን በእውነት የሚናገር ልጅ ወደ ማሳደጊያ ሊገባ፣ ዐዋቂ ነኝ የሚል ደግሞ የጥገኝነት ወረቀቱን ይዞ ወደ ሱቁ ሊሄድ ይችላል፤ ዕዳ ያለበት ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ፣ ወይም የትኛውን እንዲመርጥ እንደሚነገረው፣ መገመት አይከብድም። በጥር 2025 የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ በጆሃንስበርግ ሳንድሪንግሃም ከአንድ ቤት 26 ኢትዮጵያውያንን ታግተው ማግኘቱ፣ እገታው በመንገድ ብቻ እንደማያበቃ አረጋግጧል። ወደ ዓረብ አገር በሚሄዱ ልጃገረዶችም ላይ ዕድሜ በቀበሌ መታወቂያ ከፍ እየተደረገ ፓስፖርት መውጣቱ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። በሁለቱም አቅጣጫ ልጁ ሕፃንነቱን የሚያጣው በወረቀት ላይ ነው።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 760/2004 ቢታዘዝም በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ በዚያ ቀን የተወለደ ሕፃን 18 ዓመት የሚሞላው በ2026 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ከ14 እስከ 17 ዓመት ሆኖት ሞያሌ ላይ የሚያዝ ልጅ የተወለደው ከምዝገባው በፊት ነው፤ ልደቱ በኋላ ካልተመዘገበ በቀር የሚያቀርበው ማስረጃ የወላጅ ቃል፣ የሐኪም ግምት ወይም በምስክር የወጣ መታወቂያ ነው። ሦስቱም ለክርክር የተጋለጡ ናቸው።

አንድ ምንጭ ግን አለ፤ በእኛ ግምት ከሌሎቹ የተሻለ ሆኖ ሳለ ለዚህ ዓላማ ብዙም አልተፈተሸም። እርሱም የትምህርት ቤት መዝገብ ነው። በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔና በአንጋጫ ትምህርት ቤቶች የተማሪው ስም፣ ዕድሜ፣ የወላጅ ስምና ያቋረጠበት ጊዜ የተጻፈው ስለ ጉዞው ክርክር ከመነሣቱ በፊት፣ በጉዳዩ ጥቅም በሌለው ሰው እጅ ነው፤ በስምንተኛ ክፍል 14 ተብሎ የተጻፈ ልጅ በሁለት ዓመቱ 20 ሊሆን አይችልም። ከታንዛንያና ከዛምቢያ እስር ቤቶች የሚመለሱ ልጆችን ቤተሰብ የሚያፈላልጉ የሕፃናት ጉዳይ ሠራተኞች፣ በደላሎች ላይ ክስ የሚመሠርቱ ዐቃብያነ ሕግም፣ የልጁን ዕድሜ ለማስረዳት መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ርእሰ መምህሩን ነው። የዘጠነኛና የዐሥረኛ ክፍል መዛግብት ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ ተሰብስበው ከተመላሾችና ከጠፉት ስም ዝርዝር ጋር ቢመሳከሩ፣ ከእነዚህ ከተሞች ስንት ሕፃናት እንደ ወጡ ከግምት በተሻለ ለመናገር እንችላለን።