አንድ ዶላር ያስጠረበው ቁልቁለት

ግራንድ ካንየን ውስጥ ሯጮች ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት ቁልቁለት ሳውዝ ካይባብ ይባላል። ሸንተረሩን ይዞ ስለሚወርድ ግራ ቀኙን እንደልብ ያሳያል፤ ጥላ ግን የለውም፣ ጠብታ ውሃም የለውም። ይህን መንገድ ያስጠረበው ስፖርትም ጉብኝትም አልነበረም። አንድ ሰው በሌላኛው መንገድ ላይ ኬላ ተክሎ፣ በበቅሎ ከሚወርደው እንግዳ ሁሉ አንድ አንድ ዶላር እየለቀመ የአሜሪካን መንግሥት ደጅ ስላስጠናው ነው።

እኔ የደጀን ልጅ ነኝ። ካደግሁበት አፋፍ ቁልቁል የሚታየው የአባይ በረሃ ነበር። ዛሬ ኑሮዬ ፊኒክስ ነው፤ ከታክሲ ሥራዬ ፋታ ሳገኝ መኪናዬን ወደ ሰሜን አዙሬ ሌላ ገደል እገባለሁ። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ አባይን ተሻግሮ ደጀን የወጣ ሰው ስለዚህ አገር ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ደቡቡ አፋፍ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሰሜኑ 2,500 ይደርሳል፤ ኮሎራዶ ወንዝ ታች በ750 ሜትር ላይ ይፈሳል። በብርዱ ወራት ጠዋት በረዶ ረግጦ የተነሣ ሰው ረፋዱ ላይ ቆላ ገብቶ ሹራቡን ያወልቃል። ተራራ የለመደ ሯጭ መጀመሪያ ይወጣል፣ ሲደክመው ይወርዳል። ገደል ግን ጉልበት ሳለ ያወርድሃል፤ ጉልበትህን ከጨረሰ በኋላ ውጣ ይልሃል። በሙቀት ተዝለፍልፈው በሄሊኮፕተር ከሚወጡት ብዙዎቹ ይህን የዘነጉ ናቸው።

መንገዱ ከኬላውም ከፓርኩም በፊት ነበረ። ብራይት ኤንጅል የሚባለው ዋናው መውረጃ ዐለቱ በተሰበረበት መስመር ላይ የተዘረጋ ነው፤ ገደሉ እንዲህ ያለ ስብራት ከሌለው እግር አያስገባም። ሃቫሱፓይ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች በሙቀቱ ወራት ቆላ እያረሱ፣ ብርዱ ሲመጣ ደጋ ወጥተው እያደኑ ይኖሩ ነበር። በቁልቁለቱ አጋማሽ ምንጭ የሚፈልቅበት ቦታም እርሻቸው ነበር። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ሆፒዎች ጨው ፍለጋ ወደ ወንዙ ይወርዱ ነበር። አሞሌ በአህያ ተጭኖ ሲያልፍ ያየ ሽማግሌ በቤቱ ያለው አንባቢ ይህን ሲሰማ አይገረምም።

ሆፒዎች የሩጫ ሕዝብ ናቸው። ከእነሱ አንዱ ሉዊስ ቴዋኒማ፣ ልጆቻችንን ለመንግሥት ትምህርት ቤት አንሰጥም ካሉት ወገኖች ጋር ተይዞ በ1907 ፔንሲልቬንያ ወደሚገኘው ካርላይል ትምህርት ቤት ተወሰደ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው)። ያ እስረኛ በ1912 ስቶክሆልም ላይ በ10,000 ሜትር ለአሜሪካ የብር ሜዳሊያ አመጣ። በኦሊምፒክ በዚያ ርቀት ከሱ የበለጠ አሜሪካዊ እስከ 1964 አልተገኘም፤ የተገኘውም ቢሊ ሚልስ የተባለ የላኮታ ተወላጅ ነው። ያንን የቶኪዮ ሩጫ እኛም እናውቀዋለን፤ ማሞ ወልዴ አራተኛ የወጣበት ነው።

ወደ ኬላው ልመለስ። ራልፍ ካሜሮን ማዕድን ፍለጋ ወደ አፋፉ የመጣ ሰው ነበር። በ1890 ግድም ከፒት ቤሪና ከሌሎች ባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ የሃቫሱፓዮቹን የእግር መንገድ አስፍቶ በቅሎ የሚያስኬድ አደረገው፤ ቤሪ በ1891 ቀረጥ የሚከፈልበት መንገድ አድርጎ አስመዘገበው። በ1901 የባቡር ሐዲድ ደቡቡ አፋፍ ሲደርስ ካሜሮን እውነተኛው ማዕድን እንግዳው መሆኑ ገባው። በባቡር የመጣው ከተሜ ሁሉ ታች መውረድ ያምረዋል፤ ለመውረድ በቅሎ ያሻዋል፤ በቅሎዋ እንድታልፍ ደግሞ አንድ ዶላር ይከፈላል። መሬቱ እንዳይነጠቅም የማዕድን ሕጉን ጋሻ አደረገ። መዳብ አለኝ፣ ወርቅ አለኝ እያለ የመንገዱን መነሻና የምንጩን ቦታ በይዞታነት አስመዘገበ። ሊቆፈር የሚገባው ማዕድን በዚያ አልነበረም፤ የሚቆፈረው የመንገደኛው ኪስ ነበር።

የባቡር ኩባንያው ሳንታ ፌ ቀረጡ ሲያንገሸግሸው ወደ ምዕራብ ሸሸት ብሎ ኸርሚት የሚባል የራሱን መንገድ አሠራ። በማዕድን ይዞታዎቹ ላይ ከመንግሥት ጋር የተነሣው ክርክር ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1920 በካሜሮን ላይ ተፈረደ። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1908 ገደሉን ጥብቅ ቅርስ ያደረጉበት አዋጅም በዚያው ፍርድ ጸና። ታዲያ ሰውየው አፈረ? በዚያው ዓመት አሪዞናን ወክሎ ለሴኔት ተመረጠ እንጂ! ዋሽንግተን ገብቶም የፓርኩን በጀት ለማስቀነስ ይታገል ጀመር። የኛ አገር ሹም ብቻ ነው እንዲህ የሚያደርገው የሚል ሰው ሳገኝ ይህን ታሪክ እነግረዋለሁ።

ፓርኩ በ1919 ሲመሠረት አፋፉም ወንዙም የፓርኩ ሆኖ፣ መሃል ያለው ብራይት ኤንጅል መንገድ ግን በዚህ ጊዜ በኮኮኒኖ አውራጃ እጅ ገብቶ ነበር፤ ቀረጡም እንደቀጠለ ነበር። በ1924 መንግሥት መንገዱን ሽጡልኝ ቢል የአውራጃው መራጮች እምቢ አሉ። እንግዲያውስ ተብሎ በዚያው ዓመት ማብቂያ አንዱ ቡድን ከአፋፉ፣ ሌላው ከወንዙ ተነሥቶ ዐለቱን በድማሚት እያፈነዳ ሥራ ጀመረ፤ በ1925 አጋማሽ ሳውዝ ካይባብ አለቀ። ውሃ የሌለውም ለዚህ ነው። የድሮው መንገድ የተከተለው ምንጭ ነው፤ አዲሱ የሸሸው ከኬላ ነው።

መንገዱ ወንዙ ጋ ሲደርስ ዐለት ተበስቶ በተሠራ ዋሻ ውስጥ ያስገባል፤ ከዋሻው እንደወጡ እግር በቀጥታ ጥቁሩ ድልድይ ላይ ያርፋል። 134 ሜትር ያህል የሚረዝም ተንጠልጣይ ድልድይ ነው፤ በ1928 ተሠራ። ቀድሞ የነበረው ድልድይ በነፋስ ስለሚወዛወዝ በቅሎዎች አንድ በአንድ ነበር የሚሻገሩት። ለአዲሱ የሚያስፈልገውን ብረት በአብዛኛው በቅሎ አወረደው፤ ስምንቱን ዋና ገመዶች ግን በቅሎ አልቻላቸውም። የእያንዳንዱ ክብደት ከአንድ ቶን ይበልጣል፣ ርዝመቱም ከ160 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ 42 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሃቫሱፓይ፣ በተርታ ቆመው ገመዱን ትከሻቸው ላይ ዘረጉትና ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወረዱት። በአንድ ገመድ ብቻ አላበቃም፤ ወጥተው ሁለተኛውን፣ ወጥተው ሦስተኛውን። መታጠፊያው ላይ ከፊት ያሉት ወደ ምሥራቅ ሲያዞሩ ከኋላ ያሉት ገና ወደ ምዕራብ እየሄዱ ነው፤ አንዱ እግሩ ቢከዳው ሸክሙ በጎረቤቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል። እኔ እዚያ መታጠፊያ ላይ ትንሽ የውሃ ቦርሳ ተሸክሜ ነው የማለከልከው። ድልድዩ ላይ ስደርስ ገመዱን በእጄ ጨብጬ አያለሁ፤ ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ይፋጃል።

በዚያው በ1928 ሁለት ሌሎች ነገሮች ሆኑ። አውራጃው ወደ ፓርኩ የሚያስገባ የመኪና መንገድ እንዲሠራለት ብሎ ብራይት ኤንጅልን ለፓርኩ አስረከበ፤ ኬላውም ቀረ። ምንጩ ዳር የቀሩት የመጨረሻው ሃቫሱፓይ፣ ካፒቴን ቡሮ የሚባሉት፣ ከቦታው እንዲለቁ ተደረገ። ገመዱን ያወረደው ሕዝብና ከእርሻው የተባረረው ሕዝብ አንድ ነው። በ1882 ለሃቫሱፓዮች የተከለለላቸው መሬት 518 ኤከር ብቻ ነበር፤ በ1975 ኮንግረስ 185,000 ኤከር መለሰላቸው። ለረጅም ዘመን «ኢንዲያን ጋርደን» ሲባል የኖረው የምንጭ ቦታ «ሃቫሱፓይ ጋርደንስ» ተብሎ የተሰየመው በ2022 ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም ከመቅረት ይሻላል።

ሯጮች የመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ትልቁ ፈተና ከደቡቡ አፋፍ ወርዶ፣ ሰሜኑን ወጥቶ፣ እንደገና በመጡበት መመለስ ነው፤ 68 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ አቀበቱ ሲደመር 3,000 ሜትር ያልፋል። በ1981 አሊን ኩረተን በ7 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ጨረሰው። በ2016 ጂም ዋልምስሊ 5 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ፈጀበት። የደረት ቁጥር የለም፣ ሜዳሊያ የለም፣ ዳኛው የእጅ ሰዓት ነው፤ ገደሉ ውስጥ ይፋዊ ውድድር አይካሄድም። ከ2014 ወዲህ ተደራጅቶ በብዛት የሚወርድ ቡድን ፈቃድ ማውጣት አለበት። ሯጭ በዝቶ፣ ቆሻሻውም አብሮ በዝቶ ነው፤ ደንቡን እኔ ደግፌዋለሁ።

የኛ ሰው ከፊኒክስም ከላስ ቬጋስም ቤተሰቡን ጭኖ ይመጣል፤ አፋፉ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ምሳውን ይበላል፣ ይመለሳል። አንድ ወጣት ጓደኛዬን እንውረድ ብለው «ጋሼ፣ እኛ ከገደል ወጥተን አይደል እንዴ አሜሪካ የመጣነው?» አለኝ። ስቄ ዝም አልኩት፤ በጥቅምት ግን ይዤው ወረድኩ።

መሮጥ ግዴታ አይደለም፤ መውረድ ግን ይገባል። ሰሜኑ አፋፍ ላይ የነበረውን ትልቅ የእንግዳ ማረፊያ የሐምሌ 2025 የሰደድ እሳት በልቶታል፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ከማሰባችሁ በፊት መንገዱ ክፍት መሆኑን ጠይቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ በብራይት ኤንጅል እስከ ሃቫሱፓይ ጋርደንስ ወርዳችሁ ተመለሱ፤ ሰባት ኪሎ ሜትር መውረድ፣ ሰባት መውጣት ነው፣ ይበቃል። ወንዝ ደርሶ በአንድ ቀን መመለስን ፓርኩ ራሱ አይመክርም። ከጁን እስከ ኦገስት ያለውን ተዉት፤ ታች ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ውሃ ብቻ ሳይሆን ጨው ያለው ነገር ያዙ። በቅሎዎች ከመጡም ቅድሚያው የነሱ ነው፤ ወደ ግድግዳው ተጠግታችሁ ድምፅ ሳታሰሙ ቁሙ፣ አሳልፏቸው።