ወደ ሕዋስ የሚላከው ደብዳቤና ተሸካሚው
(በራዲዮ የተነገረ)



ደብዳቤ ምንም ያህል በጥሩ ብዕር ቢጻፍና ማኅተም ቢያርፍበት፥ ከተላከለት ሰው እጅ እስካልደረሰ ድረስ ከወረቀትነት አያልፍም። ይህን በየመሥሪያ ቤቱ የምንውል ሁላችን እናውቃለን። የዛሬው ንግግራችንም ስለ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው የዘር ትእዛዝ የተጻፈበት ዲ.ኤን.ኤ. ሲሆን፥ የትእዛዙ እያንዳንዱ ክፍል ጂን ይባላል። ተሸካሚው ደግሞ ፖሊመር ነው፤ ይኸውም ጥቃቅን የኬሚካል ቅንጣቶች እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ1928 ዓ.ም. ፍሬድሪክ ግሪፊዝ የተባሉ እንግሊዛዊ ሐኪም፥ ጉዳት የማያደርሱ ሕያዋን የሳንባ ምች ባክቴሪያዎችን በሙቀት ከተገደሉ አደገኞች ጋር ቀላቅለው አይጦችን ወጉ። አይጦቹ ሞቱ፤ ከሬሳቸውም ሕያዋን አደገኛ ባክቴሪያዎች ተገኙ። ሙታኑ ለሕያዋኑ አንድ ነገር አውርሰዋቸው ነበር። ያ ነገር ዲ.ኤን.ኤ. መሆኑን በ1944 ዓ.ም. በኒውዮርክ ኦስዋልድ ኤቨሪ፥ ኮሊን ማክሊዮድና ማክሊን ማካርቲ አስረዱ። እንግዲህ ለታመመ ሕዋስ የጎደለውን ጂን መስጠት ይቻል ይሆን?

የሕዋስ በር ግን ለመጣ ሁሉ አይከፈትም። ዲ.ኤን.ኤ. ኔጋቲቭ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፤ የሕዋስም ገጽ እንዲሁ ነው። ተመሳሳይ ሙሎች ደግሞ ይገፋፋሉ። ስለዚህ ፖዘቲቭ ሙል ያለው ሰንሰለት ቢገኝ፥ ደብዳቤውን ጠቅልሎ ከበሩ ያስጠጋዋል ማለት ነው።

በ1965 ዓ.ም. አንቲ ቫሄሪና ጆሴፍ ፓጋኖ፥ የፖሊዮ ቫይረስ አር.ኤን.ኤ. በኬሚካል ከተለወጠ ዴክስትራን ጋር ሲቀላቀል ሕዋሳትን የመያዝ ኃይሉ እጅግ እንደሚጨምር አሳዩ። በ1987 ዓ.ም. ጆርጅ ዉና ካትሪን ዉ ጂኑን ፖሊላይሲን በተባለ ሰንሰለት ጠቅልለው፥ የጉበት ሕዋሳት ለይተው የሚቀበሉትን ፕሮቲን አያያዙበት። በዚህም ደብዳቤው አድራሻ አገኘ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ዣን ፖል ቤርና ባልደረቦቻቸው፥ ቀድሞ በወረቀት ሥራ ይታወቅ የነበረውን ፖሊኤቲሊንኢሚን ለዚሁ ተግባር አዋሉት። ሕዋስ ከውጭ የገባበትን ነገር በከረጢት ከቶ ወደሚሰባበርበት ክፍል ይሰደዋል። እርሳቸው እንዳስረዱት፥ ይህ ፖሊመር የከረጢቱን አሲድ እየመጠጠ ከረጢቱን አሳብጦ ያፈነዳዋል፤ ይህ አስተያየት እስከ ዛሬ ሊቃውንትን ያከራክራል።

በዚያው ዘመን ብዙዎች ቫይረስን ራሱን መልእክተኛ ማድረግ መርጠው ነበር። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. በፊላዴልፊያ በተደረገ የጂን ሕክምና ሙከራ፥ ተሸካሚው ቫይረስ ባስነሣበት የሰውነት ቁጣ አንድ የ18 ዓመት ወጣት ሞተ። ከዚህም ኀዘን በኋላ ብዙ ዓይኖች ወደ ሰው ሠራሹ ተሸካሚ ዞሩ።

ይሁን እንጂ ፖሊመርም ንጹሕ አልነበረም። ዲ.ኤን.ኤውን አጥብቆ የያዘው ያው ሙል የሕዋሱን ሽፋን ይጎዳል። የፖሊኤቲሊንኢሚን ሰንሰለት ሲረዝም ኃይሉም መርዙም አብረው ይጨምራሉ፤ ሲያጥር ሁለቱም ይቀንሳሉ። ከዚህም በላይ፥ ከመጠን በላይ አጥብቆ የያዘ ተሸካሚ ከደረሰ በኋላ ደብዳቤውን አልለቅም ይላል። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. ዴቪድ ሊንና ሮበርት ላንገር ሥራውን ከፈጸመ በኋላ በውኃ ኃይል የሚፈርስ ፖሊመር አቀረቡ።

ዛሬ ፖሊኤቲሊንኢሚን ይበልጥ የሚያገለግለው በበሽተኛ ሰውነት ውስጥ ሳይሆን በፋብሪካ ነው። በዚያም ለጂን ሕክምና የሚሆኑት ቫይረሶች እንዲመረቱ ጂኖቹን ወደ ሕዋሳት ያስገባል። በቫይረስ ፈንታ ሊቆም የታሰበው የቫይረስ አዋላጅ ሆነ ማለት ነው።

አድማጮች ሆይ፤ ይህ ታሪክ የሚያስገነዝበን፥ ኃይል የሆነው ነገር ራሱ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ነው። መልካም መልእክተኛ የሚባለው በሩን ሰብሮ የገባ ሳይሆን፥ ቤቱን ሳያፈርስ ደብዳቤውን አስረክቦ የሚሰናበት ነው። ሊቃውንቱም እስከ ዛሬ የሚደክሙት እንዲህ ያለውን ለማግኘት ነው።