ለማይታይ ችግር የሚሰጥ ድጋፍ፤ ከመካኒሳ እስከ ሀይሌ ጋርመንት

በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሚገኙት የትምህርት ተቋማት አንዱ የመካኒሳ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሚሲዮናውያን ሲመሠረት፣ መስማት የተሳነው ሕፃን እንደ ማንኛውም ሕፃን መማር ይችላል የሚለው አሳብ ለብዙው ወላጅ እንግዳ ነበር። ዛሬ ግን ይህን የሚጠራጠር የሙያ ሰው አይገኝም። በዚያው ክፍለ ከተማ፣ በሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ባሉት ክፍሎች ውስጥ፣ እንደ ሌላው የከተማው ሠፈር ሁሉ፣ ጆሮውም ዓይኑም ደኅና የሆነ፣ ነገር ግን በመቀመጫው ላይ መርጋትና የጀመረውን መጨረስ የማይችል ሕፃን አለ። ለዚህ ሕፃን የተለየ ትምህርት ቤት አልተሠራለትም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠውም ስም «ረባሽ» የሚል ብቻ ነው። የሁለቱ ሕፃናት ዕድል እንዴት ሊለያይ እንደቻለ የሚያስረዳው የትምህርት ታሪክ ነው።

በጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤት ሕፃናት በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ወይም በዛፍ ጥላ ሥር ተሰብስበው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይማሩ ነበር። አንዱ ሀሁ ሲቆጥር ሌላው አቡጊዳ ይላል፤ ሌላው ደግሞ ዳዊት ይደግማል። ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ያስጠናል፤ የኔታም እያንዳንዱን በየተራው ይሰሙታል። ልምጩና ቁንጥጫው ባይቀርም፣ ሕፃኑ የሚመዘነው በራሱ እርምጃ እንጂ በጓደኛው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ እየተስፋፋ የመጣው ዘመናዊ ትምህርት ግን ሕፃናትን በክፍልና በወንበር ደረደረ፤ ሰዓቱን በደወል ከፋፈለ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አንድ ገጽ ላይ እንዲገኝ አደረገ። ብዙ ሕዝብ የተማረው በዚህ ሥርዓት ነው። ይሁን እንጂ ዝም ብሎ መቀመጥ የትምህርት መግቢያ በር ሲሆን፣ መቀመጥ የሚሳነው ሕፃን ከበሩ ላይ ቀረ።

የልዩ ትምህርት ታሪክ በአገራችን የሚጀመረው በ1917 ዓ.ም. ገደማ በደምቢ ዶሎ ለዓይነ ሥውራን በተሰጠው ትምህርት ነው። ከዚያም በሰበታ የዓይነ ሥውራን፣ በመካኒሳም መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። በዚህ ረገድ አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል፤ ይኸውም ድጋፉ አስቀድሞ የደረሰው ጉዳታቸው ግልጽ ሆኖ ለሚታወቅና እንደ ብሬይልና እንደ ምልክት ቋንቋ ያለ መሣሪያ ለተገኘላቸው መሆኑ ነው። ጉዳታቸው በጠባይ ብቻ የሚገለጽ ሕፃናት ተራ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ባጡ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2002 የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ። ያ በር የተከፈተው በአንዲት እናት ጥረት ነበር።

በሌላው ዓለምም ቢሆን መንገዱ አጭር አልነበረም። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ጆርጅ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1902 በለንደን ባሰማው ንግግር፣ አእምሯቸው ሳይጎድል ራሳቸውን መግዛት የሚያቅታቸውን ሕፃናት ሲገልጽ፣ ችግሩን ከግብረ ገብ ጉድለት ጋር አያይዞት ነበር። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ1968 በሕመም ስም መዘገበው፤ ዛሬ ኤ.ዲ.ኤች.ዲ. የሚባለውን፣ ማለትም የትኩረት ማነስና ከልክ ያለፈ መቅበጥበጥ የሚለውን ስያሜ የሰጠው በ1987 ነው። በዚያው አገር የአካል ጉዳተኞችን ትምህርት የሚመለከተው ሕግ በ1975 ቢወጣም፣ እነዚህ ሕፃናትም ድጋፉ ሊደርሳቸው እንደሚገባ የትምህርት መሥሪያ ቤቱ በግልጽ ያሳወቀው ከ16 ዓመት በኋላ፣ በ1991 ነበር።

በኢትዮጵያ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው እንደየችሎታቸውና እንደየፍላጎታቸው እንዲማሩ ደነገገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ነፃ አደረገ። በ1998ና በ2004 ዓ.ም. የወጡት ስትራቴጂዎችም ድጋፉን ከተለዩ ትምህርት ቤቶች ወደ መደበኛው ክፍል አመጡ። ስለዚህ ረባሽ የሚባለው ሕፃን ሕግ አልጐደለበትም። የጐደለበት የሚያውቀው ዓይን ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ፣ በአምቦ አካባቢ የተካሄደ ጥናት ከመቶ ሕፃናት 1.5 ያህሉ ይህ ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። በዚህ ስሌት 60 ወይም 70 ተማሪ ባለበት ክፍል ውስጥ በአማካይ አንድ ያህል ይገኛል ማለት ነው። ከእነዚህም መካከል ሳይረብሹ በአሳብ የሚጠፉ፣ በተለይም ሴቶች ልጆች፣ ከናካቴው ሳይታወቁ ይቀራሉ።

በሀይሌ ጋርመንት የምትኖር አንዲት እናት ልጅዋን ይዛ ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ብትገባ፣ ሁለት ዓይነት መልስ ሊያጋጥማት ይችላል። አንደኛው «ልጅሽን ምከሪው፤ ካልሆነም ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጊለት» የሚለው ነው። እንዲህ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት የሚዞር ሕፃን በየቦታው አዲስ መምህርና አሮጌ ስም ይጠብቀዋል። ሁለተኛው መልስ ግን ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ሕፃኑን ከበርና ከመስኮት አርቆ ከፊት ማስቀመጥ፣ ረጅሙን ሥራ ከፋፍሎ መስጠት፣ ትእዛዝን አንድ በአንድ መናገር፣ ሰሌዳ በማጽዳት ወይም ደብተር በመሰብሰብ በሥርዓት እንዲንቀሳቀስ ማድረግ፣ በፈተና ጊዜ ጥቂት ደቂቃ መጨመር፣ በመምህሩና በእናቲቱ መካከል የሚመላለስ አንድ ደብተር መክፈት ነው። ሐኪም ያየው እንደሆነም ምክሩ በዚያው ደብተር ሊሰፍር ይችላል። እርግጥ ነው፣ 60 ተማሪ ለያዘ መምህር ይህም ሸክም ነው፤ ስለሆነም የርእሰ መምህሩ እገዛ፣ የልዩ ፍላጎት ባለሙያው ምክርና በሥራ ላይ የሚሰጥ ሥልጠና ሊለየው አይገባም።

ለዓይነ ሥውሩና መስማት ለተሳነው ሕፃን ድጋፍ የደረሰው፣ አንድ ሰው አስቀድሞ «ይህ ሕፃን ይማራል» ብሎ ስለተነሣ ነው። እረፍት ለሌለው ሕፃን አዲስ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም። ትምህርት ቤቱ አሁን የተቀመጠበት፣ አንዳንዴም የተባረረበት ያው ክፍል ነው፤ ያን የመጀመሪያ ቃል መናገርም የክፍሉ መምህር ፈንታ ነው።